ስለ ቤት ማስጠንቀቂያ ደወል፤ በገዛ እጅ ወይስ በባለሙያ?

የሰው ልጅ ቤት ሠርቶ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቤቱን ከሌባ የሚጠብቅበትን ብልሃት ሲፈልግ ኖሯል። እሾህ አጥሯል፤ ውሻ አሳድጓል፤ ዘበኛ ቀጥሯል፤ በግንብ አጥሩ ራስ ላይም የጠርሙስ ስባሪ ተክሏል። በዘመናችን ደግሞ በከተሞቻችን ካሉት ባለቤቶች አንዳንዶቹ በበራቸውና በመስኮታቸው ላይ ሰው በገባ ጊዜ በራሱ የሚጮኽ መሣሪያ ማኖር ጀምረዋል፤ ሕዝቡም አላርም ይለዋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም ባለቤቱ መሣሪያውን ከሱቅ ገዝቶ በገዛ እጁ ቢተክለው ይሻላል ወይስ ባለሙያ ጠርቶ ዋጋውን ከፍሎ ቢያስተክለው? የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት የገንዘብና የብልሃት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ባለሙያ ያስከፍላል፤ በገዛ እጅ የተሠራ ይረክሳል። ነገር ግን ረጋ ብሎ ላስተዋለው ሰው በውስጡ ለባልንጀራ ስለሚገባው እውነት የሚጠይቅ ነገር አለበት፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን በሐዋሳ ከተማ ያለውን የታቦርን ክፍለ ከተማ እንመልከት። ይህ ክፍለ ከተማ ከከተማዪቱ ስምንት ክፍላተ ከተማ አንዱ ሲሆን በስሙ የሚጠራው ተራራ ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ለደቀ መዛሙርቱ የገለጠበትን ደብረ ታቦርን ያስታውሰናል። በከተማዪቱ ያሉ ግቢዎች ብዙዎቹ በአንድ አጥር ውስጥ ብዙ በር ያላቸው ናቸው፤ ባለቤቱ በዋናው ቤት ይኖራል፤ ከጀርባ ባሉት የሰርቢስ ክፍሎች ተከራዮች ይኖራሉ። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለፋብሪካ ሥራ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆች፣ በከተማዪቱ ቤት ተከራይተው ኖረዋል። ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው እየተኙ የአንዱን ክርስትና ስም አንዱ የማያውቅ ጎረቤቶች በዝተዋል። ስለ ደወል የምንናገረው ነገር ሁሉ በእንደዚህ ያለ ግቢ ውስጥ እንደሚሆን አድርገን እናስበው።

አስቀድመን አንድ ተቃውሞ እናንሣ። አንዳንድ ሰዎች፣ ቅዱስ ዳዊት በ126ኛው መዝሙር እግዚአብሔር ያልጠበቀውን ከተማ ጠባቂ ቢተጋለት ከንቱ እንደ ሆነ ከተናገረ ዘንድ ቤትን በመሣሪያ ማስጠበቅ የእምነት ጉድለት ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር መዝሙሩን አለመረዳት ነው። መዝሙረኛው ጠባቂው ይተኛ አላለም፤ ትጋቱ ያለ እግዚአብሔር ረድኤት ፍሬ እንደማይሰጥ ነገረን እንጂ። ጌታችንም በወንጌል ሌባው የሚመጣበትን ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ስለሚተጋው ባለቤት ሲናገር ትጋቱን አልነቀፈም፤ እንዲያውም የነፍስ ትጋት ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። ይህ ይበቃል፤ ወደ ነገራችን እንመለስ።

ደወል በጠባዩ ቃል ነው። ሌባ የገባበት ሰው በአገራችን ልማድ «ኡኡ!» ብሎ ይጮኻል፤ «የሰው ያለህ!» ብሎም ይጣራል። ይህን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ማን እንደ ጮኸና ምን እንደ ተወሰደ ሳይጠይቅ ዱላውን ይዞ ይሮጣል፤ ሰምቶ የቀረ ሰው በማግሥቱ በሠፈሩ ሰው ፊት ቀና ብሎ መሄድ ያፍራል። ጩኸቱ ይህን ያህል ኃይል ስላለው ነው በሐሰት ኡኡ ማለት ነውር የሆነው፤ ልጆችም በጨዋታ መካከል ኡኡ ሲሉ ትልልቆች የሚቆጡት ስለዚህ ነው። ሐዋሳ በምትገኝበት በሲዳማ ምድር ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት «አፊኒ» የሚባል ሥርዐት አለ፤ የቃሉ ፍቺ «ሰማችሁን?» እንደ ማለት ነው፤ የሥርዐቱም መሠረት «ሀላሌ» ይባላል፤ ይኸውም እውነት ነው። መስማትና እውነት እንዲህ ተያይዘው መኖራቸው የሚያስደንቅ አይደለም። የሚሰማ ጆሮ ካለ፣ ወደ ጆሮው የሚገባው ነገር እውነት እንዲሆን ግድ ነው።

በቤተ ክርስቲያንም ያለው ሥርዐት ይህንኑ ያስተምረናል። ደወል በኪዳንና በቅዳሴ ሰዓት ሲደወል ምእመናን ለጸሎት ይሰበሰባሉ፤ ያለ ሰዓቱ በጥድፊያ የተደወለ እንደ ሆነ ግን እሳት ተነሥቷል ወይም ዘራፊ መጥቷል ማለት ነውና ሕዝቡ ከያለበት እየሮጠ ይመጣል። በአንዳንድ ጥንታውያን ገዳማት ደወሉ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው፤ ድምፁ ግን ከብረቱ ባላነሰ ይታመናል። የሚታመንበትም ምክንያት ማንም መንገደኛ ገብቶ እንዳሻው ስለማይደውለው ነው። የደዋይነት ሥራ ለታወቀ ሰው የተሰጠ አደራ ነው።

እንግዲህ በቤቱ ላይ አላርም የሚተክል ሰው ምን ማድረጉ ነው? «የሰው ያለህ!» የሚለውን ቃል ከገዛ አፉ አውጥቶ በመሣሪያ አፍ ውስጥ ማኖሩ ነው። እርሱ ተኝቶ ሳለ ወይም ሌላ አገር ሄዶ ሳለ መሣሪያው በእርሱ ፈንታ ጎረቤቱን ይጣራል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ መሣሪያው እውነት ይናገራልን? ሐሰትም ቢናገር ተጠያቂው ማን ነው? የሚለው ነው። በገዛ እጅ ወይስ በባለሙያ? የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ለመፍረድ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። በበሩ ሳንቃ ላይ ትንሽ ማግኔት ይለጠፋል፤ በመቃኑም ላይ ማግኔቱ አጠገቡ መኖሩን የሚያውቅ ሌላ ቁራጭ ይገጠማል። በሩ ሲከፈት ሁለቱ ይለያያሉ፤ ወሬው ወደ ዋናው ሣጥን ይሄዳል፤ ሣጥኑም ጯሂውን ያስጮኸዋል። ሁለተኛው ዐይነት በክፍሉ ማዕዘን ላይ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ የሚሰቀል ዐይን ነው፤ ባለሱቆች ሴንሰር ይሉታል። ይህ ዐይን መልክ አያይም፤ ሙቀት ያለው አካል ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲንቀሳቀስ ብቻ ያስተውላል። በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያውቃል፤ በቀጥታ ወደ እርሱ የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ያውቃል። ከዚህም ሌላ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚያገለግል ባትሪ በሣጥኑ ውስጥ አለ። በአንዳንዱም ሲም ካርድ ይገባበትና ወደ ባለቤቱ ስልክ ይደውላል።

መሣሪያው ሐሰት የሚናገርበት መንገድ ብዙ ነው። ዐይኑ ወደ መስኮት ዞሮ የተሰቀለ እንደ ሆነ የሚገባው የፀሐይ ሙቀት ያታልለዋል። ከምድጃ ትይዩ የተሰቀለ እንደ ሆነ የሚነሣው ትኩስ አየር ያስጮኸዋል። ድመት ያስጮኸዋል፤ በፊቱ ላይ የሚሄድ ሸረሪትም ያስጮኸዋል። የሐዋሳ ሰው እንደሚያውቀው በሐይቁ ዳር ምሽት ላይ መብራት የሚከብበው ትንኝ ብዙ ነው፤ በአሞራ ገደል አካባቢ ያሉትም ጦጣዎች አጥር የሚሉት ነገር አያውቁም። ስለዚህ ለሌላ አገር ቤት ታስቦ የተሠራ መሣሪያ በዚህ አየርና በዚህ ፍጥረት መካከል ሲሰቀል ስፍራውን አውቆ የሚሰቅለው ሰው ያስፈልገዋል። ከዚህም የሚብስ ሁለተኛ ሐሰት አለ፤ እርሱም በሚያስፈልግበት ሌሊት ዝም ማለት ነው። ባትሪው አርጅቶ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ መሣሪያው እንደ ግንድ ይጋደማል፤ የሲም ካርዱ ሂሳብ ያለቀ እንደ ሆነም የማንንም ስልክ አይጠራም። አበው ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ያሉት እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ያ ውሻ ዘገየ እንጂ ጮኋልና።

አሁን ወደዚያች ግቢ እንመለስ። ሌሊት በስምንት ሰዓት ደወሉ ይጮኻል። በሰርቢስ ክፍሉ የምትኖረው የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ደንግጣ ትነሣለች፤ በሯን ትይዛለች፤ ልቧ እየመታ ትጠብቃለች። ሌባ የለም፤ ድመት ነበረች። ባለቤቱ ደወሉን አጥፍቶ ተመልሶ ይተኛል። እርሷ ግን ገና ሳይነጋ ተነሥታ ወደ ሥራዋ መሄድ ስላለባት እንቅልፏን መልሳ አታገኘውም። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ከእርሷ የተወሰደው ነገር ምንድን ነው? ድኻ ካለው ሀብት ሁሉ ውዱ ዕረፍቱ ነው። የባለቤቱ ዕቃ እንዳይሰረቅ ሲባል የእርሷ ዕረፍት ተሰረቀ። በዚህም ላይ በአራተኛው ሌሊት እውነተኛ ሌባ ቢመጣ ማን ይነሣል? ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ድምፁ ያልተለየ መለከት ማንንም ለሰልፍ እንደማያስነሣ የነገራቸው ስለ ልሳን ጉዳይ ቢሆንም ምሳሌው ለዚህ ግቢ የተጻፈ ይመስላል።

«የጮኸው መሣሪያው ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ ሰው መልሱ በኦሪት ዘጸአት ስለሚወጋ በሬ የተሠራው ሕግ ነው። በሬው ቀድሞ የማይዋጋ ሆኖ አንድ ቀን ሰው ቢወጋ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳያስረው ቀርቶ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ይጠየቃል። አላርምም እንዲሁ ነው። አንድ ሌሊት በስሕተት ቢጮኽ ጎረቤት ይቅር ይላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ከጮኸ በኋላ ሳያስተካክል የተወው ባለቤት ግን የሚዋጋ በሬውን ሳያስር እንደ ለቀቀ ሰው ነው። ይህም ዕዳ በገዛ እጁ ተክሎት ቢሆን ወይም በባለሙያ አስተክሎት ቢሆን አይለወጥም። ሥራን በገንዘብ ለሌላ ማሠራት ይቻላል፤ ለባልንጀራ የሚገባን እውነት ግን በገንዘብ ለሌላ ሰው ማሸከም አይቻልም።

ከዚህ ከተስማማን በኋላ ሁለቱን መንገዶች እንመዝናቸው።

በገዛ እጅ መሥራትን የሚንቅ ሰው መጽሐፈ ነህምያን ያንብብ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ ብዙዎቹ ሥራውን የያዙት በየቤታቸው አንጻር ነበር። ከሠሪዎቹም መካከል ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች ነበሩ፤ ግንበኝነት ሙያቸው አልነበረም። ሰው የገዛ ቤቱን አንጻር ሲሠራ እንዲጸናለት ይተጋልና አሠራሩ ጥበብ ያለበት ነው። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ቅጥሩን ሁሉም ሠሩት፤ መለከቱን የያዘው ሰው ግን በነህምያ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ሕዝቡም የመለከቱን ድምፅ ወደ ሰሙበት ስፍራ እንዲሰበሰቡ ታዝዘው ነበር። ድንጋዩን ለሁሉ ሰጠ፤ መለከቱን ግን ከአጠገቡ አላራቀም። ቅጥር ቢያጋድል መልሶ ይቀናል፤ መለከት በሐሰት ከተነፋ ግን ዳግመኛ የሚሰማው አይገኝም። ስለዚህ አላርምን በገዛ እጁ የሚተክል ሰው ድንጋይ እንደሚያነሣ ሳይሆን መለከት እንደሚይዝ ይሁን።

እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ታሪክም አይታጣም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል በአሜሪካ አገር በ1853 እ.ኤ.አ. በአውግስጦስ ራስል ፖፕ ስም በመንግሥት መዝገብ ተጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላም በኒውዮርክ ከተማ የምትኖር ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ነርስ ነበረች። በሥራዋ ጠባይ የተነሣ በልዩ ልዩ ሰዓት ቤቷ ብቻዋን ትቀር ነበር፤ ፖሊስም ሲጠራ ይዘገይ ነበር። እርሷም የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ካለው ባሏ ከአልበርት ጋር በበሩ ላይ የሚያይ ካሜራ፣ በክፍል ውስጥ ሥዕሉን የሚያሳይ መስኮት፣ በሩንም ከሩቅ የሚከፍት መሣሪያ አሰናድታ በ1966 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት አመለከተች፤ በ1969 እ.ኤ.አ. መብቱ ተሰጣት። ይህች ሴት በገዛ እጇ ሠራች ሲባል ግን ሙያው ከቤቷ እንዳልራቀ እናስተውል፤ ችግሩን የምታውቅ እርሷ፣ ሽቦውን የሚያውቅ ባሏ ነበሩ። በገዛ እጅ መሥራት ያለ ዕውቀት መሥራት አይደለም።

ስለዚህ ለበርና ለመስኮት የሚለጠፈውን፣ በባትሪ የሚሠራውን ቀላል መሣሪያ አንድ አስተዋይ ባለቤት መመሪያውን አንብቦ ቢተክለው የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ይህን ብቻ ያድርግ፤ ከመተማመኑ በፊት በቀንም በሌሊትም ይፈትነው፤ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ባትሪው እስከ ምን ሰዓት እንደሚቆይ ይወቅ፤ በየወሩም መፈተኑን አይተው። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት የሌለው ሰው፣ እጁ ብልህ ቢሆንም እንኳ፣ በገዛ እጁ ባይሠራ ይሻላል። ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ የጀመረው ነገር ጎረቤቱን ያስከፍለዋልና።

ባለሙያ ወደ መጥራቱ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ባለሙያው ሲገባ ዕውቀቱን ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ግን የቤቱን ምሥጢር ይዞ ይወጣል። የትኛው መስኮት ደካማ እንደ ሆነ፣ ዐይኑ የማያየው ማዕዘን የትኛው እንደ ሆነ፣ ደወሉ በምን ቍጥር እንደሚጠፋ ያውቃል። ብዙ ሰዎች በገዛ እጃቸው ለመሥራት የሚመርጡት ከገንዘቡ ይልቅ ይህን ፈርተው ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ይህ ፍርሃት ሳይገራ የቀረ እንደ ሆነ የት እንደሚያደርስ እናውቃለን።

ቤት በተሰረቀ ማግሥት ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው የማን ነው? የዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዪቱ፣ ባለፈው ወር ሽቦ ሲዘረጋ የነበረው ልጅ። ባለጸጋው ወዳጅ አይጠረጠርም፤ ቤቱን ዘወትር የሚያይ ቢሆንም አይጠረጠርም። ሰው በድኻነቱ ብቻ ተይዞ የሚታሰርበት ጊዜ አለ። በአገራችን ቀድሞ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበረ፤ አንድ ልጅ መድኀኒት ጠጥቶ፣ በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በሠፈር ይዞራል፤ ከገባበት ቤት ሲወድቅ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ልማዱ ቀርቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ያለ ምስክር በጥርጣሬ ብቻ ከድኻው ደጅ የሚወድቅ ልብ ሁሉ አሁንም ያንኑ ልጅ እየመራ ነው። የጻድቁ የዮሴፍ ታሪክ ለዚህ ይበቃናል። የጲጥፋራ ቤት ሁሉ በእጁ ተሰጥቶት ሳለ በእጅ የቀረ አንድ ልብስ ምስክር ተደርጎበት ወደ ወኅኒ ወረደ። በቤቱ ውስጥ ታማኙ እርሱ ነበረ።

ከዚህ የምናገኘው ምክር ባለሙያ አትጥሩ የሚል አይደለም፤ ስትጠሩ ለእርሱም ለራሳችሁም መጠበቂያ አድርጉ የሚል ነው። ሥራውና ዋጋው አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ በባለሙያው ፊት የምሥጢሩን ቍጥር ይለውጥ። ይህ ስድብ አይደለም፤ ባለሙያውን ከወደፊት ጥርጣሬ ነጻ ያወጣዋል፤ ሙያውን የሚያከብር ሠራተኛም ራሱ ይህን ይጠይቃል። ዋጋውም ፀሐይ ሳይጠልቅ ይከፈለው። ኦሪት ያዘዘችው፣ ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀነሰ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ የመሰከረው ይህንኑ ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ በበሩ ላይ የሌባ ደወል ለማሰቀል ጠርቶ የሰቃዩን ዋጋ የሚያስቀር ሰው መኖሩ ነው። ደወሉ በዚያ ሰዓት በማን ላይ መጮኽ ይገባው ነበር?

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ስሕተት ቢገኝበት እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ቢበዛ ዕቃ የሚያሳጣ ነገር ነው። አሁን ነፍስ ስለሚያሳጣው እንናገር፤ በዚህ ላይ ቃላችንን አናለሳልስም።

አንዳንድ ባለቤቶች ደወሉ አልበቃ ብሏቸው በአጥራቸው ላይ ኤሌክትሪክ ያለው ሽቦ ይዘረጋሉ። ለዚህ ተብሎ በተሠራ መሣሪያ የተሠራው አጥር ኃይሉን የሚለቀው በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ ነው፤ የነካው ሰው ደንግጦ እጁን ይስባል። ነገር ግን ዋጋው እንዳይበዛባቸው ብለው ከቤታቸው ማከፋፈያ ላይ ተራ ሽቦ ስበው በአጥሩ ላይ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። የቤታችን መብራት ኃይሉ 220 ቮልት ነው፤ አይቆራረጥም፤ የያዘውን ሰው ጡንቻ አኮማትሮ እንዳይለቅ ያደርገዋል። በዝናብ ጊዜ እርጥብ ግንብ፣ እርጥብ ቆርቆሮ፣ ባዶ እግር ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ኳሷ አጥር ተሻግራ የገባችበት ሕፃን በዚያ ላይ ይወጣል። ልብስ ልታሰጣ የመጣች ተከራይ ትነካዋለች።

«የሚነካው ሌባ ነው፤ እርሱ ይሙት» የሚል ቢኖር፣ ኦሪት ዘጸአት ስለዚህም ተናግሯል። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት ስለ ደሙ አይጠየቅም፤ ፀሐይ ከወጣበት በኋላ ከሆነ ግን ገዳዩ ስለ ደሙ ይጠየቃል። ለምን? በብርሃን ማን እንደ መጣና ምን እንደ ፈለገ ማየት ይቻላልና፤ ማየት እየቻለ የገደለ ሰው ነፍስ አጥፍቷል። ሽቦው ደግሞ ሌሊትና ቀን አይለይም፤ ሌባና ሕፃን አይለይም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሽቦ የዘረጋ ባለቤት፣ የሌባውም ነፍስ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት ደም እንዳላት የሚናገረውን ሕግ አስቀድሞ ጥሷል። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ሕጉ ባለቤቱን ስለ ሌላው ሰው አደጋ አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ እነሆ፣ መከታ በታዘዘበት ስፍራ ወጥመድ መትከል ምን ይባላል?

በዚህ ጉዳይ ባለሙያ መጥራት የምርጫ ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ አጥር የሚያስፈልገው ሰው ሙያው ያለውን ሠራተኛ ይጥራ፤ ከፍታውንና ማስጠንቀቂያ ጽሑፉን በሥርዐት ያድርግ፤ ይህን የሚከፍልበት ገንዘብ የሌለው ያለ አጥሩ ይቅር። የተሰረቀ ቴሌቪዥን በሌላ ይተካል። ካህናትም በንስሓ ልጆቻቸው ቤት ጠበል ሊረጩ ሲገቡ እንዲህ ያለ ሽቦ ያዩ እንደ ሆነ ዝም ብለው ባይወጡ መልካም ነው። የንስሓ አባት ስለ ጾምና ስለ ስግደት እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ በአጥር ላይ ስለ ተንጠለጠለ ሞትም ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ ይኸውም ደወሉ እውነት ተናግሮ በጮኸ ጊዜ ማን ይመጣል? የሚለው ነው። በሐዋሳ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓለ ንግሥ ሲሆን ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል፤ ሌሎችም ስለት ይዘው ወደ ቁልቢ ይሄዳሉ። ብዙ ቤት ባዶ ይሆናል፤ ሌባም የበዓል ቀን መቍጠሪያ ያውቃል። ባለቤቱ በቁልቢ ተራራ ላይ በሺሕ በሚቈጠር ሕዝብ መካከል ቆሞ ሳለ መሣሪያው በስልኩ ይደውልለታል። በገዛ እጁ የተከለውም ቢሆን፣ በታወቀ ባለሙያ የተተከለም ቢሆን፣ በዚያ ሰዓት ደወሉ የሚችለው መጥራት ብቻ ነው። ወደ በሩ የሚሄደው እግር የጎረቤት እግር ነው።

ስለዚህ ደወሉን የሚሰቅል ሰው ከመስቀሉ በፊት በቀኝና በግራ ወዳሉት ቤቶች ይሂድ። ተከራዮቹንም አይርሳ፤ ከሁሉ በፊት የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና። «እንዲህ ያለ ነገር ላሰቅል ነው፤ ድምፁ ይህ ነው፤ በስሕተት ቢጮኽ በዚህ ስልክ ጥሩኝ፤ እኔ ሳልኖር ቢጮኽ ግን አደራ» ይበላቸው፤ ድምፁንም በቀን አስጩኾ ያሰማቸው። ከመካከላቸው ለሚያምነው ለአንዱ ደወሉ የሚጠፋበትን ቍጥር ይስጠው። በሐሰት የጮኸበት ሌሊት ካለም በማግሥቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት፣ በራቸውን አንኳኩቶ ይቅርታ ይጠይቅ። ወደ ቁልቢ የሚሄድም ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት ለዚያ ቍጥሩን ለሚያውቀው ጎረቤት መሄዱን ይንገረው፤ ሲመለስም ለእርሱ ቤት የሚሆን ጠበልና እምነት ለይቶ ይዞለት ይምጣ።